ዓመት ያልተጻፈበት የቤዝቦል ባቡር ወረቀት፦ ዕድሜውን የሚናገረው ባቡሩ ነው

ጥያቄው፦ «የምኖረው ቦስተን አካባቢ ነው። አንድ እስቴት ሴል (የአንድ ቤት ዕቃ ተጠቅልሎ የሚሸጥበት ሽያጭ) ላይ ከአሮጌ መጻሕፍት ክምር ውስጥ 15 በ23 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ በራሪ ወረቀት አግኝቼ ገዛሁ። ከላይ በትልልቅ ፊደል ‹ቤዝ ቦል› ይላል። ከሥሩ ዱላ የያዘ ተጫዋች ሥዕል አለ። ከዚያ ‹ፕሮቪደንስ ከቦስተን›፣ ‹ቅዳሜ ኦገስት 9› ይልና የቦስተን ኤንድ ፕሮቪደንስ ባቡር ልዩ ጉዞ፣ የመነሻ ሰዓቶች፣ የሜዳ መግቢያን የሚጨምር የደርሶ መልስ ዋጋ፣ ‹ስታንዳርድ ታይም› (መደበኛ ሰዓት) የሚል ቃል ተጽፎበታል። ከታች የአንድ ኃላፊ ስምና ደቃቅ ቁጥሮች አሉ። ዓመት ግን የለውም። እውነተኛ ነው? የስንት ዓመት ነው? ላሚኔት አድርጌ ፍሬም ውስጥ ላስገባው? ሻጩ የድሮ የትሮሊ (የከተማ የኤሌክትሪክ ባቡር) ኢናሜል ምልክትም አለኝ ብሎኛል፤ ልግዛው?»

ከሁሉ በፊት ላሚኔት አያድርጉት። እኛ ዘንድ ዲፕሎማም ሆነ የልደት ካርድ ላሚኔት ማስደረግ የጥንቃቄ ምልክት ስለሆነ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ለአሮጌ ወረቀት ግን ላሚኔት መቃብሩ ነው። በሙቀት የቀለጠው ሙጫ ወደ ወረቀቱ ቃጫ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ሳይጎዱ ማላቀቅ አይቻልም። በሰብሳቢ ዘንድ ያለው ዋጋም በዚያው ያበቃል። በተጨማሪም ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ምርመራዎች በሙሉ ከፕላስቲክ ሥር አይሠሩም። ስለዚህ ለጊዜው ንጹሕና ደረቅ እጅ ይበቃል፤ ጓንት የጣትን ስሜት ስለሚቀንስ ተሰባሪ ጠርዝ ለመቅደድ ያመቻል። እጥፋቱን በካውያ አይተኩሱ፣ የተለጠፈበት ፕላስተር ካለ አይላጡ፣ ጠርዙን ለማስተካከል አይቁረጡ፣ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ምንም አይጻፉ። ፊትና ጀርባውን ሚሊ ሜትር ያለው ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሱ። ስካነር ካለዎት በ600 ዲፒአይ ይቅዱት።

አሁን ወደ ዋናው። ቤዝቦል የሚወድ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያገኝ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ሥዕሉ ላይ ነው። ሥዕሉ ግን ደካማ ምስክር ነው። በዚያ ዘመን ማተሚያ ቤቶች የተጫዋች ሥዕል ከፊደል አምራቾች ካታሎግ ተዘጋጅቶ ይገዙ ነበር፤ ያው አንድ ሥዕል ለብዙ ከተማና ለብዙ ክለብ ዓመታት ሙሉ ይታተማል። የሥዕሉ ልብስ ወይም ጺም ዓመት አይነግርዎትም። የሚናገረው የባቡሩ ክፍል ነው፦ የኩባንያው ስም፣ ሰዓቱ፣ የኃላፊው ስም፣ ከታች ያሉት ደቃቅ ቁጥሮች። የባቡር ኩባንያ ሥርዓት ያለው ድርጅት ስለሆነ እያንዳንዱ ነገሩ የሚመሳከርበት መዝገብ አለው።

መጀመሪያ ግን ወረቀቱ በዘመኑ የታተመ መሆን አለበት። ለዚህ ሦስት መሣሪያ ይበቃዎታል፦ 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር (30 ጊዜ ቢሆን ይሻላል)፣ ጠባብ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ፣ እና 365 ናኖ ሜትር የሆነ አልትራቫዮሌት መብራት። የመጨረሻው የገንዘብ ኖት ለመፈተሽ የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው።

ክፍሉን አጨልመው የእጅ ባትሪውን ከጎን፣ ከጠረጴዛው ብዙም ሳይነሳ፣ ወረቀቱ ላይ አግድም ያብሩ። የ1870ዎቹና የ1880ዎቹ በራሪ ወረቀት የሚታተመው ቀለም የተቀባ የእንጨትና የብረት ፊደል ወረቀቱ ላይ ተጭኖ ነው። ስለዚህ ፊደሉ ያረፈበት ቦታ በጥቂቱ ይሰረጉዳል፤ ጀርባውን ሲያዩም እብጠቱ ይታያል፣ በጣት ጫፍም ይዳሰሳል። ወረቀቱ ለረጅም ጊዜ መጽሐፍ ውስጥ ተጭኖ ከቆየ ጉድጓዱ ሊሳሳ ይችላል፤ በትልልቆቹ ፊደላት ጠርዝ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ፍጹም ለጥ ያለ ከሆነ ጥርጣሬዎን ይጨምሩ።

ከዚያ መነጽሩን ‹ቤዝ ቦል› የሚለው ላይ ያድርጉ። በፊደል የታተመ ቀለም ከመሐሉ ሳሳ፣ ከጠርዙ ወፈር ያለ ነው፤ ግፊቱ ቀለሙን ወደ ዳር ስለሚገፋው በፊደሉ ዙሪያ ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር ይታያል። በትልቅ የእንጨት ፊደል መሐል የእንጨቱ ጭረት እንደ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ብቅ ሊል ይችላል። በአንጻሩ በሥርዓት የተደረደሩ ነጠብጣቦች ካዩ፣ ወይም ጥቁሩ የቢጫ፣ የቀይና የሰማያዊ ጠብታ ድብልቅ ከሆነ፣ ያዩት የፎቶ ቅጂ ወይም የኮምፒውተር ህትመት ነው። በዚህ ደረጃ ብቻ ብዙ ሐሰተኛ ወረቀት ይወድቃል።

ሻጮች የማይጠብቁት አንድ ፈተና አለ። በእንግሊዝኛው ‹ቤዝ ቦል› ውስጥ ‹ቢ› ሁለት ጊዜ፣ ‹ኤ› ሁለት ጊዜ፣ ‹ኤል› ሁለት ጊዜ ይመጣሉ። ሁለቱን ‹ቢ› ጎን ለጎን በመነጽር ያወዳድሩ። በእውነተኛው ህትመት ሁለቱ የተለያዩ የእንጨት ቁራጮች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ጭረት፣ የራሱ የተሸራረፈ ማዕዘን አለው። አንዱ ከላይ ግራ ጥግ ላይ የተነከሰ ከሆነ ሌላው እዚያው ቦታ ላይ በዚያው ቅርጽ ሊነከስ አይችልም። የሁለቱም ጉዳት አንድ ዓይነት ከሆነ የተሠራው «ያረጀ እንዲመስል» ተብሎ በተዘጋጀ የኮምፒውተር ፊደል ነው። የዚህ ፈተና ጉድለት፣ ከእውነተኛ ወረቀት በፎቶ የተቀዳ ቅጂ ያልፈዋል፤ ለዚህ ነው ከጉድጓዱና ከነጠብጣቡ ምርመራ ጋር አብሮ የሚደረገው።

ዙሪያውን የከበበ መስመር ካለው ማዕዘኖቹን ይዩ። መስመሮቹ ተቆራርጠው የተገጣጠሙ የብረት ቁራጮች ስለሆኑ አራቱም ማዕዘን ላይ እኩል መገጣጠማቸው ብርቅ ነው፤ የፀጉር ያህል ክፍተት ቢያዩ ደስ ይበልዎት። ጀርባው ላይ ደብዘዝ ያለ፣ እንደ መስታወት የተገለበጠ የፊደል ጥላ ካለም ጥሩ ምልክት ነው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ወረቀቶቹ ተደራርበው ሲቀመጡ የአንዱ ቀለም ወደ ሌላው የሚያልፈው እንዲህ ነው።

በአልትራቫዮሌቱ ስር ደግሞ ወረቀቱ ደማቅ ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ከበራ ውስጡ ማንጪያ ኬሚካል አለ ማለት ነው። ይህ ኬሚካል በወረቀት ላይ የተለመደው ከ1950 ገደማ ወዲህ ነው፤ የ1880ዎቹ ወረቀት ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ቡኒ ወይም ቢጫ የሚያደላ ሆኖ ይታያል። እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ ከልብስ ወይም ከሳሙና የተረፈ ብናኝ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ሊያበራ ይችላል፤ መፍረድ ያለብዎት በጠቅላላው ገጽ ነው። ሁለተኛ፣ አለማብራቱ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። አስመሳዮች ከአሮጌ መጽሐፍ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ያለውን ባዶ ቅጠል፣ ወይም ያልተጻፈበት የሒሳብ መዝገብ ገጽ ቆርጠው ያትማሉ። እርስዎ ወረቀቱን ያገኙት ከመጻሕፍት ጋር ስለሆነ ይህን በተለይ ይዩ፦ በአንዱ ጠርዝ ላይ የሙጫ ቅሪት ወይም የመስፊያ ቀዳዳ ረድፍ አለ? ቀለሙ እጥፋቱ የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ወደ ስንጥቁ ውስጥ ገብቷል? እርጥበት ያቆሸሸው ቦታ ላይ የፊደሉ ቀለም ተሰራጭቷል? ቀለም ወደ ስንጥቅ ከገባ ወረቀቱ ተሰንጥቆ ካረጀ በኋላ ታትሟል ማለት ነው። በእውነተኛው ላይ ስንጥቁ ቀለሙን ይዞት ይሰነጠቃል፤ ውስጡ የወረቀቱ ጥሬ ቃጫ ብቻ ይታያል።

በሻይ ወይም በቡና የተነከረ ወረቀትም አለ። የተነከረው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እኩል ይጠቁራል፣ ወይም ኩሬ የቆመበት የሚመስል ክብ ይተዋል። በተፈጥሮ ያረጀው ግን ብርሃንና አየር በነካው በኩል ይበልጥ ይጠቁራል፤ መጽሐፍ ውስጥ የቆየ ከሆነ ወጣ ብሎ የነበረው ጠርዝ ብቻ ጠቁሮ መሐሉ ነጣ ይላል። የሚሰባበር ወረቀት አያስደንግጥዎት፤ ከእንጨት የተሠራ ወረቀት በአሜሪካ የተስፋፋው ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ የራሱ አሲድም ውሎ አድሮ ይበላዋል።

ይህን ሁሉ ካለፈ ወደ ዕድሜው እንሂድ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በራሪ ወረቀት ለሳምንት የሚያገለግል ነገር ስለነበር ዓመት አለመጻፉ የተለመደ ነው። እንዲያውም ዓመቱ በትልቁ የተጻፈበት ወረቀት ሲመጣ ጠንከር አድርገው ይመርምሩት፤ የዘመኑ አንባቢ ዓመቱን ያውቃል፣ ዓመቱን በጉልህ ማየት የሚፈልገው የዛሬ ገዢ ነው።

በኩባንያው ስም ይጀምሩ። ቦስተን ኤንድ ፕሮቪደንስ በ1888 ለኦልድ ኮሎኒ ተከራየ፤ ኦልድ ኮሎኒም በ1893 ለኒውዮርክ፣ ኒው ሄቨን ኤንድ ሃርትፎርድ ተከራየ። ስለዚህ ቦስተን ኤንድ ፕሮቪደንስ ራሱን ችሎ ያስነገረው ጉዞ ከ1888 በፊት ነው። የፕሮቪደንስ ግሬይስ ክለብ በናሽናል ሊግ፣ ማለትም በዋናው የቤዝቦል ሊግ፣ የተጫወተው ከ1878 እስከ 1885 ነው። በኋላ ዘመን ፕሮቪደንስ አነስተኛ ሊግ ውስጥ ክለብ ነበራት፤ ከቦስተን ዋና ክለብ ጋር ለሊግ የገጠመችው ግን በእነዚህ 8 ዓመታት ብቻ ነው። ክልሉ በአንድ ጊዜ ጠበበልን።

አሁን ‹ቅዳሜ ኦገስት 9›ን ይውሰዱ። አንድ ቀን በዚያው የሳምንት ዕለት ላይ ተመልሶ የሚውለው በ5፣ በ6 ወይም በ11 ዓመት ነው። ከ1878 እስከ 1885 ባሉት ዓመታት ኦገስት 9 ቅዳሜ የዋለው በ1879 እና በ1884 ብቻ ነው። የሚገርመው፣ ፕሮቪደንስ የሊጉ ሻምፒዮን የሆነችውም በእነዚሁ በሁለቱ ዓመታት ነው፤ ስለዚህ በየትኛውም ዓመት ቢሆን ልዩ ባቡር የሚያስቀጥር ሕዝብ ነበር። ዕለትና ቀኑ ከነዚህ ዓመታት በአንዱም የማይገጥም ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ እዚሁ ላይ ይወድቅ ነበር፤ አስመሳዮች በብዛት የሚሰናከሉት ይህን ሳያሰሉ ቀርተው ነው።

በሁለቱ ዓመታት መካከል ለመለየት ‹ስታንዳርድ ታይም› የሚለው ቃል ይረዳል፤ ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል። የአሜሪካ ባቡሮች በኖቬምበር 18 ቀን 1883፣ በዕለተ እሑድ፣ በሰዓት ቀጠና መሥራት ጀመሩ፤ የቦስተን ሰዓት ያን ቀን ወደ 16 ደቂቃ ገደማ ወደ ኋላ ተመለሰ። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ «ስታንዳርድ ታይም ካለ ከ1883 በኋላ ነው» ብሎ ይደመድማል። ለሌላው የአሜሪካ ክፍል ይህ ባብዛኛው ያስኬዳል። የኒው ኢንግላንድ ባቡሮች ግን ከ1849 ጀምሮ በቦስተን ላይ የተመሠረተ የጋራ ሰዓት ነበራቸው፤ ቃሉ በዚያም ትርጉም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ አጠገቡ ያለውን ቃል ያንብቡ፦ ‹ኢስተርን› (የምሥራቁ ቀጠና) ከተባለ ጉዳዩ ያበቃል፣ ከ1883 በኋላ ነው። ‹አዲሱ› የሚል ወይም ከድሮው ሰዓት ጋር የሚያነጻጽር ነገር ካለውም እንዲሁ። ብቻውን ከቆመ ወደ 1884 ያዘነብላል፣ አይቆርጥም።

የሚቆርጠው ከታች ያለው ስም ነው። ባቡሮች በማስታወቂያቸው ግርጌ የዋና ሥራ አስኪያጁን ወይም የመንገደኞች ክፍል ኃላፊውን ስም ከማዕረጉ ጋር ያትሙ ነበር። ከ1868 ጀምሮ በየወሩ የሚወጣው ‹ኦፊሻል ጋይድ› የተባለ የባቡሮች መመሪያ የየኩባንያውን ኃላፊዎች በስም ይዘረዝራል፤ በዚያው ዓመት የጀመረው የፑር ማኑዋልም በየዓመቱ እንዲሁ ያደርጋል። ከሁለቱም ብዙ ቅጽ በዲጂታል ተነሥቷል። የ1879ንና የ1884ን ቅጾች ከፍተው ስሙንም ማዕረጉንም ያመሳክሩ። ስሙ በሁለቱም ዓመት ካለ ማዕረጉ ተለውጦ እንደሆነ ይዩ፤ ዕድገት ዓመትን ይለያል።

ደቃቆቹ ቁጥሮች ደግሞ የማተሚያ ቤቱ የሥራ መለያ ናቸው። ብዙ ጊዜ ወር፣ ቀን፣ ዓመት፣ ከዚያ ብዛት ተደርድረው ይመጣሉ፤ ለምሳሌ 8-2-84፣ 3ኤም ቢል በኦገስት 2 ቀን 1884 የታዘዘ 3000 ቅጂ ማለት ነው፤ ‹ኤም› የሺህ ምልክት ናት። የትእዛዙ ቀን ከጨዋታው ቀን መቅደም አለበት። ቁጥሩ ተራ የትእዛዝ ቁጥር ብቻ ሆኖ ሊገኝም ይችላል፤ ያለ ዓመት ከሆነ ብዙ አያስጨንቁት።

በመጨረሻ ጋዜጣ። ሬትሮሺት የተባለው የቤዝቦል መዝገብ ከ1871 ጀምሮ ያሉ ጨዋታዎችን ዝርዝር በነጻ ያቀርባል። በኦገስት 9 በሁለቱም ዓመት ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው ከተማ እንደተጫወተ ይዩ። ከተማው ወሳኝ ነው። ባቡሩ ከፕሮቪደንስ የሚነሣ ከሆነ ጨዋታው ቦስተን፣ ሳውዝ ኤንድ ግራውንድስ ላይ መሆን አለበት፤ ያ ሜዳ ከዚሁ ባቡር ሐዲድ ጎን ነበር። ከቦስተን የሚነሣ ከሆነ ሜዳው የፕሮቪደንሱ ሜሰር ስትሪት ነው። ቀጥሎ የዚያን ሳምንት የሁለቱን ከተሞች ጋዜጦች የማስታወቂያ ዓምድ ያንብቡ፤ የሽርሽር ባቡር በጋዜጣም ይነገር ስለነበር ሰዓቱና ዋጋው ከወረቀትዎ ጋር ሊገጥም ይገባል። ጨዋታው በዝናብ ተሰርዞ ቢያገኙት ተስፋ አይቁረጡ፤ ወረቀቱ የሚታተመው ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ነው።

ዋጋውንም ያስተውሉ። የናሽናል ሊግ መደበኛ መግቢያ 50 ሳንቲም ነበር፣ ከጥቂት ልዩ ፈቃድ በስተቀር፤ 25 ሳንቲም በ1882 መጫወት የጀመረው የተቀናቃኙ ሊግ፣ የአሜሪካን አሶሲዬሽን፣ መለያ ነው። ስለዚህ መግቢያን ጨምሮ የተባለው የደርሶ መልስ ዋጋ ከ50 ሳንቲም በታች ሆኖ ከተገኘ አንድ ነገር ተበላሽቷል። አጻጻፉም ይመሰክራል፦ በዚያ ዘመን ‹ቤዝ ቦል› ሁለት ቃል ነው፣ ‹ዛሬ› የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም መሐሉ ላይ ሰረዝ ነበረው፣ ሰዓት ብዙ ጊዜ በሁለት ነጥብ ሳይሆን በአንድ ነጥብ ተለይቶ ‹1.30› ተብሎ ይታተማል። መዝገብ ሲይዙ ሰዓቱን እንዳለ ይጻፉት፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ከለወጡት በኋላ የሚያነበው ሰው 7 ሰዓት ተኩል የማን እንደሆነ ይጠፋዋል።

ወደፊት ሌላ ወረቀት ሲገጥምዎ የእሑድ ጨዋታ ጥሩ ወጥመድ ነው። ናሽናል ሊግ እስከ 1892 እሑድ አያጫውትም ነበር። ከዚያም በኋላ ሕጉ በየከተማው ስለሚለያይ የዋና ሊግ ጨዋታ እሑድ የተፈቀደው በኒውዮርክ በ1919፣ በቦስተን በ1929፣ በፊላደልፊያ በ1934 ነው። በ1905 የእሑድ የዋና ሊግ ጨዋታ በቦስተን የሚል የባቡር ፖስተር ካቀረቡልዎ መነጽር ማውጣት እንኳ አያስፈልግም። የኩባንያ ስም ለውጥም እንዲሁ ይሠራል። ኢሪ የተባለው የባቡር ኩባንያ እስከ 1878 ኢሪ ሬይልዌይ፣ ከዚያ እስከ 1895 ኒውዮርክ፣ ሌክ ኢሪ ኤንድ ዌስተርን፣ ከዚያ በኋላ ኢሪ ሬይልሮድ ነው። ከሁሉም በላይ የ1869 የሲንሲናቲ ሬድ ስቶኪንግስ ጉዞ ማስታወቂያ ነኝ የሚለውን ይጠንቀቁ። አህጉር አቋራጩ ሐዲድ የተገናኘው በሜይ 10 ቀን 1869 ነው፣ ክለቡ ሳን ፍራንሲስኮ የደረሰው በሴፕቴምበር። ይህ ጉዞ ሁሉም የሚመኘው ስለሆነ በኋላ ዘመን የተፈጠሩ፣ በዘመኑ ጭራሽ ያልነበሩ «ፖስተሮች» ይሠሩለታል። በ1939፣ በ1969 እና በ1976 የቤዝቦል የመቶኛ ዓመት በዓላት ሲከበሩ ለመታሰቢያ የወጡ ቅጂዎችም አሉ፤ እነሱ ለማጭበርበር አልተሠሩም፣ ዛሬ ግን 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሆናቸው ራሳቸው አርጅተዋል።

የባለቤትነት ነገርም አለ፤ በተለይ ቦስተን ላይ ሆነው ሊዘነጉት አይገባም። የኒውዮርክ ፐብሊክ ላይብረሪ በ1921 የተረከበው የስፖልዲንግ የቤዝቦል ስብስብ፣ እና የቦስተን ፐብሊክ ላይብረሪ የያዘው የማክግሪቪ ስብስብ ዕቃ እንደተሰረቀባቸው በይፋ የታወቀ ነው። ማክግሪቪ በ1903ቱ የመጀመሪያ ወርልድ ሲሪስ (የሻምፒዮና ፍጻሜ) ክለባቸውን ከቦስተን እስከ ፒትስበርግ በባቡር የተከተሉት የ‹ሮያል ሩተርስ› ደጋፊዎች መሪ የነበረው ነው። ስለዚህ ጀርባውን ለማኅተም፣ ለእርሳስ ቁጥር፣ ተፍቆ ለሳሳ ቦታ ይፈትሹ፤ የተፋቀ ማኅተም በአልትራቫዮሌት ስር ጥላው ብዙ ጊዜ ይወጣል። አንድ ጥግ ብቻ በጥንቃቄ ተቆርጦ ከሆነ ለምን ብለው ይጠይቁ። የገዙበትን ደረሰኝ፣ ቀኑንና አብረውት የነበሩትን መጻሕፍት ዝርዝር ይያዙ። ወረቀቱ ከአንዱ መጽሐፍ ውስጥ ወጥቶ ከሆነ ያንን መጽሐፍ አይሽጡት፤ የወረቀቱን ጥላ በገጹ ላይ ትቶ ከሆነ ከማንም ምስክር የበለጠ ነው።

አቀማመጡ። ከፒቪሲ ነጻ የሆነ የፖሊየስተር ኪስ ይግዙ፤ ገበያ ላይ ማይላር ወይም ሜሊኔክስ ይባላል። ርካሹ ለስላሳ ፕላስቲክ፣ አዲስ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ የሚሸተው ዓይነት፣ ፒቪሲ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ቀለሙን ይይዘዋል። ከጀርባው ከአሲድ የጸዳ፣ የአልካላይን ክምችት ያለው ካርቶን ያስገቡ። የክፍሉ እርጥበት ከ35 እስከ 50 በመቶ፣ ሙቀቱ ከ21 ዲግሪ ሴልሺየስ ባይበልጥ መልካም ነው። ምድር ቤትና ጣሪያ ሥር አይሆንም፦ አንዱ ሻጋታና ብል፣ ሌላው የበጋ ሙቀት ያመጣል።

ግድግዳ ላይ ማየት ከፈለጉ ጥሩ ቅጂ አሳትመው ቅጂውን ይስቀሉ፣ ዋናውን ጨለማ ውስጥ ያኑሩ። የግድ ዋናውን ካሉ ደግሞ ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ መስኮት የተቆረጠለት ወፍራም ከአሲድ የጸዳ ካርቶን፣ አልትራቫዮሌት የሚከላከል አክሪሊክ፣ ከላይ ብቻ በሁለት የጃፓን ወረቀት ማንጠልጠያ በስንዴ ስታርች ሙጫ መያዝ ያስፈልጋል። ኮላ፣ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር፣ የሚረጭ ሙጫ፣ አንዳቸውም አይገቡም። ብርሃኑ ከ50 ሉክስ አይለፍ። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ሳሎን ውስጥም አይስቀሉት። የቡናው ጭስ ቅባት አለው፣ የዕጣኑም ጥቀርሻው ደቃቅ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ወረቀቱ ላይ የሚተዉት ሽፋን በደረቅ ብሩሽ አይነሣም። ፍሬሙ በደንብ ካልታሸገ ደግሞ በጠርዙ በኩል ይገባል።

እጥፋቱ እየተሰነጠቀ ከሆነ ወይም ፕላስተር ካለበት ለወረቀት ጥገና ባለሙያ ይስጡት። ፕላስተሩ ራሱ የዕድሜ ምስክር ነው፤ ግልጹ የሚጣበቅ ፕላስተር የወጣው በ1930 ስለሆነ ጥገናው ከዚያ ወዲህ ነው። ማሳቹሴትስ አንዶቨር ያለው የሰሜን ምሥራቅ የሰነድ ጥበቃ ማዕከል ለእርስዎ ቅርብ ነው። ሲሄዱ «ነጭ አድርጉልኝ» አይበሉ፤ «አረጋጉልኝ» ይበሉ። ከመጠን በላይ የታጠበ ወረቀት ጉድጓዱንም ይዞት የመጣውን ታሪክም ያጣል። ትልልቅ ፖስተሮችን በጨርቅ መደገፍ የተለመደ ነው፣ ለዚህ መጠን ላለው ወረቀት ግን አያስፈልግም።

የትሮሊውን ምልክት ሳላይ ይግዙት አልልዎትም። ‹ዛሬ ቤዝ ቦል አለ› የሚሉ ሰሌዳዎች በጨዋታ ቀን የትሮሊው ፊት ላይ እየተሰቀሉ ማታ የሚወርዱ ነበሩ፤ ለዚህ ቀለም የተቀባ እንጨት ወይም ቆርቆሮ ይመቻል። ኢናሜል ከሆነ ጥያቄ ይጠይቁ። የድሮ ኢናሜል ሳህን ቤት ውስጥ ያየ ሰው ፈተናውን ያውቀዋል፦ የተፈነከተው ቦታ ላይ መጀመሪያ ነጩ፣ ከዚያ ጥቁሩ ሽፋን፣ ከዚያ ብረቱ በደረጃ ይታያል፤ ዝገቱም ጥቁር ቡኒ፣ የተረጋጋ፣ በጣት የማይወጣ ነው። ብርቱካናማ ሆኖ እጅ ላይ የሚቀር ዝገት የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። የተለያዩ ቀለሞች በተናጠል ስለሚጋገሩ ፊደሉ ጠርዝ ላይ በጥፍርዎ ደረጃ ሊሰማዎ ይገባል። የመስቀያ ቀዳዳው የተበላው በስበቱ አቅጣጫ፣ ከላይ በኩል መሆን አለበት፤ ዙሪያውን እኩል ከተበላ በሞረድ ተሠርቷል። የተያያዘበት ብሎን አናቱ የመስቀል ቅርጽ ካለው ያ ዓይነት ብሎን ገበያ ላይ የዋለው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። በተጨማሪም የኩባንያውን ስም ያንብቡ፦ በቦስተን የኤሌክትሪክ ትሮሊ በ1889 የጀመረው ዌስት ኤንድ ስትሪት ሬይልዌይ ነው፤ በ1897 ቦስተን ኤሌቬትድ ተረክቦታል።

ስለ ዋጋ፣ ሻጭ የሚጠራውን አይመኑ፣ በጨረታ በእርግጥ የተከፈለውን ይፈልጉ፤ የጨረታ ቤቱ ከገዢው ላይ የሚጨምረው ክፍያ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ስለሚሆን የታተመው ቁጥር እሱን ይጨምር አይጨምር ያረጋግጡ። የመንደር ክለቦች የሽርሽር ወረቀት ከዋና ሊግ ይልቅ በብዛት ይገኛል። የሊግ ክለብ ስም፣ የባቡር ስምና ቁርጥ ያለ ቀን በአንድ ላይ ያለበት ወረቀት ግን ሁለት ዓይነት ሰብሳቢ ይሻማበታል፣ የባቡሩና የቤዝቦሉ።

ለመቀጠል ሦስት ፎቶ ይላኩ፦ ሙሉውን ጀርባ በአግድም ብርሃን፣ ሁለቱን ‹ቢ› ጎን ለጎን በቅርብ፣ እና የግርጌውን መስመር ከኃላፊው ስም እስከ መጨረሻው ደቃቅ ቁጥር። ስሙን በ1879 እና በ1884 ኦፊሻል ጋይድ ላይ ካገኙትም የገጹን ፎቶ አብረው ያያይዙት።